ሁለተኛው ጉርሻ

ባሌ አምሃ መድፍ ተኳሽ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ድሮ እኔም እስቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች «ጋሽ አምሃ ዛሬም ግንባር ናቸው?» እያሉ ያሾፉብኛል። ግንባርም ጦርነትም የለም። ከምንኖርባት ከተማ ከዋይሊ ሃያ ደቂቃ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ፣ ባርኔጣ የደፉ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰቡና በድሮ አሠራር የተሠራ ጠመንጃና መድፍ ጥቁር ባሩድ እየሞሉ ያጮኻሉ። ከዚያ ሳንድዊቻቸውን በልተው፣ ፊታቸው ጥላሸት እንደለበሰ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ኤርፖርት የፓርኪንግ ሻትል አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣው ባሌ፣ እንደ ሰው ዓሣ ማጥመዱን ትቶ ይህንን መረጠ።

የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት በሣር ማጨጃ ምክንያት ነው። የግቢያችን ሣር አድጎ ኤችኦኤው፣ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ሲልክብን፣ አምሃ ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖረው ዌይን ያገለገሉ ዕቃዎቹን አውጥቶ ጋራዥ ሴል ማድረጉን ሰምቶ ማጨጃ ሊገዛ ሄደ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ተዋቡ» አለኝ። ስሜ ተዋበች ነው፤ ደስ ሲለው እንዲህ ያቆላምጠኛል። «በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሣሩስ?» አልኩት።

«ሣሩ የትም አይሄድም።»

«የሚጎርስ» የሚለው ቃል የእሱ ነው፤ ግን አልተሳሳተም። በእኛ ቋንቋ ጠመንጃ ድሮም ይጎርሳል፤ ጥይት አጎረሰው እንላለን። ይኼኛው ግን እውነትም እንደ ሰው በአፉ ነው የሚጎርሰው። በመጀመሪያ ባሩዱ በትንሽ የነሐስ መስፈሪያ ተለክቶ በአፈሙዙ ይፈስሳል። ቀጥሎ ቅባት የነካ ቁራጭ ጨርቅና በጨርቁ ላይ ክብ የእርሳስ ጥይት ይቀመጥና በረጅም የእንጨት ዘንግ እስከ ታች ይገፋል። መጨረሻ ላይ ከኋላ በኩል ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደረግለታል። ቃታው ሲሳብ ጠቅ ይላል፣ ፍሽሽ ይላል፣ ከዚያ ድም ይላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአምሃ ጋር ወደ ሜዳው የሄድኩት ለመቆጣት ነበር። የተኳሾቹ ክለብ አለቃ ዌይን ጡረታ የወጣ የፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ ጆሮው ደከም ያለ። አምሃ ማለት አልሆንልህ ብሎት ባሌን በአንዲት ከተማ ስም «ኦማሃ» ይለዋል። ያን ቀን ቁጣዬን ሳልጀምር ዌይን ጠመንጃውን አስያዘኝና ሃምሳ እርምጃ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ አሮጌ መጥበሻ አሳየኝ። ተኮስኩ። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ነጭ ጭስ ፊቴን ሸፈነው፤ ልምታ ልሳት አላየሁም። ጭሱ ሳይገፈፍ ከወዲያ በኩል መጥበሻው ቋ ሲል ሰማሁ። አምሃን ዞሬ ሳየው ፊቱ በሙሉ ጥርስ ሆኗል። በሃያ ሰባት ዓመት ትዳር እንደዚያ ሲኮራብኝ አላየሁም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ከቤት የተቃጠለ መጥበሻዬን ወስጄ ሰቀልኩ።

ደስታው ዝግታው ላይ ነው። አንዱን ጥይት ለማጉረስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚያ መካከል ይወራል። እኔ በነርሲንግ ሆም፣ በአረጋውያን መንከባከቢያው፣ ፈረቃ፣ እሱ በሻትል ፈረቃ ተላልፈን ስንኖር ያላወራነውን ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ አወራነው። ቤት ስንገባ ደግሞ በርሜሉን በፈላ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማጠብ አለ፤ ካልታጠበ በማግስቱ ይዝጋል። የባኞ ቤታችን ገንዳ ጠቁሮ ቀርቷል። እኔ እየተቆጣሁ እፈትጋለሁ፤ እሱ ሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ተቀምጦ ዘንጉን በዘይት ይወለውላል።

በዚያ ዘንግ ላይ በቢላ ሁለት ቀለበት ቀርጾበታል። ዘንጉ ባዶ ጠመንጃ ውስጥ ሲገባ የላይኛው ቀለበት አፈሙዙ ላይ ይቆማል፤ ጠመንጃው ከጎረሰ ግን የታችኛው ነው የሚቆመው። እንዲህ አይቶ ሆዱ ውስጥ ያለውን ማወቅ ይቻላል። «እኔ ብረሳ እንኳ ይኼ ያስታውሰኛል» ይል ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። የዛሬ ሁለት ዓመት በሚያዝያ አምሃ አጉርሶ ሲያበቃ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ወሬ ያዘና፣ እንዳላጎረሰ ሁሉ በላዩ ላይ ደግሞ አጎረሰ። ሲተኩሰው ድምፁ ሌላ ሆነ፤ ጭሱ ሜዳውን ሸፈነ፣ ሰደፉ ትከሻውን መትቶ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ወሰደው። በርሜሉ አለመፈንዳቱ የጌታ ምሕረት ነው። ዌይን ፊቱ ቲማቲም መስሎ እየሮጠ መጣ። በክለቡ ደንብ ሁለቴ ያጎረሰ ሰው ለወራት የተኩስ መስመሩ ላይ አይቆምም። አምሃ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አላስቻለኝም።

«ዌይን» አልኩት በዚያች በእንግሊዝኛዬ፣ «በእኛ አገር የምንወደውን ሰው በእጃችን እናጎርሳለን። ጉርሻ ይባላል። አንድ ጊዜ ብቻ አጉርሶ መተው ነውር ነው፤ መደገም አለበት። ጠመንጃውን ወዶት ነው።»

ዌይን መጀመሪያ አፈጠጠብኝ፤ ቀጥሎ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። አምሃም ቀና ብሎ ሳቀ። ደንቡ ተረሳ። በሳምንቱ ዌይን ግንባሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ጉርሻ» የሚል ጥልፍ ያለበት ኮፍያ አሠርቶ ለአምሃ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ አምሃ አንድ ነገር በደገመ ቁጥር ሜዳው ላይ ያሉት በሙሉ «ጉርሻ» ይላሉ።

ቤትም ቀልዱ ገባ። ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ሲጨምር ጉርሻ ነው። ማዕድ ላይ ጸልዮ አሜን ካልን በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና ሲጀምር ጉርሻ ነው፤ እንዲያውም ፓስተራችን እቤታችን በልቶ ሲሄድ «የአምሃን የጸሎት ትጋት ተማሩ» ብሎ ሰበከበት። ለልጃችን ለሐዳሳ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ ደውሎ ያንኑ ሲጠይቃት ጉርሻ ነው። እኔ አሥራ አራት ዓመት ካሮልተን ባለ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚረሱ ሰዎችን ሳጥብ፣ ሳለብስ፣ ስሜን በቀን አሥር ጊዜ ስነግር የኖርኩ ሴት ነኝ። የሌላ ሴት ባል ቢሆን በሳምንቱ እነግራት ነበር። የራሴን ባል ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳቅኩበት።

ባለፈው ረቡዕ ዕረፍት ነበርኩና ሁለታችን ብቻ ወደ ሜዳው ሄድን። ለቅዳሜው ልምምድ ነው። ቅዳሜ የክለቡ ትልቅ ቀን ነበር፤ ሰው ልጆቹን ይዞ የሚመጣበት፣ መድፉ የሚተኮስበት። አምሃ ጠመንጃውን አጎረሰ። ስለ ሣሩ አወራኝ፤ ሣሩ ዛሬም ጉዳያችን ነው። እያወራ መስፈሪያውን አነሳ፣ ባሩድ ሞላ፣ በአፈሙዙ አፈሰሰ። ጨርቅ፣ ጥይት፣ ዘንግ። እኔ ስልኬ ላይ ነበርኩ። ቀና ስል የታችኛው ቀለበት ከአፈሙዙ በላይ ሦስት ጣት ያህል ወጥቶ ቆሟል።

«አምሃ፣ ቆብ እንዳታደርግበት» አልኩት ቀስ ብዬ። «ደግመኸዋል።»

«አልደገምኩም።»

«ቀለበቱን እየው።»

ዘንጉን አየው። ጎንበስ ብሎ ቀለበቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይኼ ምልክት ምንድን ነው?» አለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ጠበቅኩት። አልቀለደም። በራሱ ቢላ፣ በራሱ እጅ የቀረጸውን ነገር፣ ሰው ሲያገኝ ሁሉ የሚኮራበትን፣ እንደ እንግዳ ነገር ያየዋል። ሁለቴ ማጉረስ በማንም ላይ ይደርሳል። ይኼ ግን ሌላ ነው።

«ባለሱቁ ነው የሠራው መሰለኝ» አልኩት። «እስቲ ከመኪናው ውሃ አምጣልኝ፣ ጠምቶኛል።»

ውሃ ሊያመጣ ሲሄድ፣ ያልተተኮሰ ጥይት በአየር ግፊት የምትገፋውን ትንሽ መሣሪያ ከሣጥኑ አውጥቼ ሁለቱንም ጥይት ከነባሩዱ መሬት ላይ አስተፋሁት። በእግሬ አፈር መለስኩበት። አምሃ በሁለት እጁ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወደ መኪናው ተመልሶ ሌላ ሁለት አመጣ።

ማታ ጋራዥ ውስጥ ተደብቄ ለሐዳሳ ደውዬ የቀለበቱን ነገር ነገርኳት። ሌክ ሃይላንድስ ነው የምትኖረው፤ ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች። አራት ዓመቷ ሳለ ነው ወደዚህ አገር ያመጣናት፤ አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ነገሯ ግን አይሰባበርም።

«ማሚ፣ እኔ ነግሬሻለሁ። ክሪስማስ ላይ ነግሬሻለሁ» አለችኝ።

«አሁን እሱን ተይው። ምን ላድርግ?»

«ዶክተሩ ጋ ኮል አድርጊ። ኤንድ ለዌይን ንገሪው። ዳዲ መድፍ ጋ መቆም የለበትም። ኢትስ ናት ሴፍ፣ ማሚ። ሰው ይሞታል።»

«ይኼን ከነጠቅሁት ምን ይቀረዋል?»

«አላውቅም» አለችኝ። ከዚያ ስታለቅስ ሰማሁ።

ሐሙስ ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። የመጀመሪያው ክፍት ቀጠሮ ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው ተባልኩ። ቀጠሮውን ካንስል ያደረገ ሰው ካለ ብዬ ለመንኩ። ዌይቲንግ ሊስት፣ የተጠባባቂዎች ዝርዝር፣ ላይ ጻፉኝ።

የዚያኑ ዕለት ለራሱ ልነግረው ቆርጬ ሳሎን ገባሁ። አምሃ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ለመድፉ አውራ ጣቱ ላይ የሚያጠልቀውን የቆዳ መከላከያ በዘይት ያለሰልሳል። መድፉን የሚያጎርሱት አራት ሰዎች ናቸው፤ በቁጥር ነው የሚጠሩት። አንድ ቁጥር ጆዲ ናት፤ መድፉን ከፊት ሆና ትወለውላለች፣ ባሩዱንም በረጅም ዘንግ ትገፋለች። ሁለት ቁጥር የባሩዱን ከረጢት አፉ ውስጥ ያስገባል። አራት ቁጥር ገመዱን ስቦ ይተኩሳል። ሦስት ቁጥር አምሃ ነው፤ ከኋላ ቆሞ፣ ወፍራም ቆዳ ባጠለቀ አውራ ጣቱ የመድፉን የኋላ ቀዳዳ ይደፍናል። ሌላው እንደዚህ ያለ ሥራ ቀላል ሊመስለው ይችላል።

«ተዋቡ፣ ለምን እንደምደፍነው ታውቂያለሽ?» አለኝ።

አውቃለሁ፤ እኔም ሠልጥኛለሁ። «ንገረኝ» አልኩት።

«ከተተኮሰ በኋላ ውስጡ ፍም ይቀራል። ጆዲ በእርጥብ መወልወያ ታጠፋዋለች። ግን ያላጠፋችው ቢኖርስ? አዲሱን ባሩድ ስትገፋ አየሩ በኋላ ቀዳዳ ከወጣ ፍሙን ያራግበዋል። እኔ ከደፈንኩት ይታፈናል። ቆዳው ቢግል፣ ጣቴ ቢቃጠል አላነሳም። ካነሳሁ የጆዲ እጆች ሄዱ ማለት ነው። ሁለት ልጆች አሏት።»

አንዲት ቃል አልሳተም። የጆዲን ልጆች ቁጥር እንኳ። እንዲህ የሚያውቀውን ሰው ምን ብዬ ነው ታማሚ ነህ የምለው? ልነግረው የመጣሁትን ዋጥኩና «ዘይቱ ሶፋው ላይ እንዳይንጠባጠብ» ብዬ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ። ያን ቀን አወቅኩት።

ዓርብም እንዲሁ አለፈ። ጌታ ሆይ፣ አንተ ንገረው ብዬ ጸለይኩ፤ የራሴን ሥራ ለጌታ ስሰጥ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሜዳው እየነዳሁ ሳለ አምሃ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመስኮት ያይ ነበር። ድንገት፣ «ዛሬ ፊት ለፊቴ ቁሚ፤ እንዳይሽ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አሁን ሳስበው መጠየቅ ነበረብኝ።

ሜዳው ሞልቷል። ልጆች ጆሯቸው ላይ ማፈኛ አድርገው ይሯሯጣሉ፤ አንድ ሰው ቋሊማ ይጠብሳል። መድፉ ሣሩ ላይ ቆሟል። ዌይን ከሰባት ዓመት በላይ ጋራዡ ውስጥ የሠራው ነው፤ አፉ ዝም ስለማይል በሟች አማቱ ስም ሩት ይለዋል። ለበዓል ሲተኮስ ጥይት የለውም፤ ባሩድ ብቻ ነው። የሰው እጅ ለመውሰድ ግን ባሩዱ ብቻውን ይበቃል።

አምሃ ከጆዲ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ዌይንን ወደ መኪናው ኋላ ሳብኩት።

«ዌይን፣ ዛሬ አምሃ እንዳይቆም» አልኩት።

«ምን ሆነ?»

የነገሩ ስም በእንግሊዝኛ አይጠፋኝም። በቀን አሥር ጊዜ የታካሚዎች ቻርት ላይ እጽፈዋለሁ። ከባሌ ስም አጠገብ ግን ከአፌ አልወጣ አለ። «ይረሳል» አልኩት። «በጣም ይረሳል።»

ዌይን ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ። «የእኔ እመቤት፣ እኔ ዛሬ ጠዋት መነጽሬን ዓይኔ ላይ አድርጌ ሩብ ሰዓት ፈልጌዋለሁ። ዕድሜ ነው።»

«አይደለም። ረቡዕ ጠመንጃውን ሁለቴ አጎረሰ። ከዚያ—»

«ጉርሻ» አለ ዌይን፣ ፊቱ በርቶ። ሆዱ ተንቀጠቀጠ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና፣ «ኦማሃ ካልወደደው አይደግመውም» አለ። የራሴን ቃል ነው የመለሰልኝ።

ክንዱን ያዝኩት። የምለውን እየፈለግሁ ሳለ ከሜዳው ስሙን ጠሩት፤ ሰዓት ደርሷል። የጆሮ መድፈኛውን በሁለቱም ጆሮው ከቶ፣ ፈገግ ብሎልኝ ሄደ። «ዌይን፣ እባክህ» አልኩ፤ አልሰማኝም። ተመልካቹን ወደሚያግደው ገመድ ስሮጥ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ሁሉም ጆሯቸውን ደፍነዋል። ብጮህ ማን ይሰማኛል? ገመዱን ዘልዬ ብገባ ደግሞ አምሃ ደንግጦ ጣቱን ያነሳ ይሆናል። በገዛ ቀልዴ አፌ ተለጉሞ ገመዱን ይዤ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

ዌይን አዘዘ። ጆዲ እርጥቡን መወልወያ አስገብታ አዞረች፣ ደረቁንም አስገባች። አምሃ አውራ ጣቱን ቀዳዳው ላይ አደረገ። ሁለት ቁጥር ከረጢቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ጆዲ ዘንጉን ይዛ ሙሉ ሰውነቷን መድፉ አፍ ፊት አድርጋ መግፋት ጀመረች። እኔ ከዚያ ጣት ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። አታንሳ፣ አታንሳ እላለሁ በልቤ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። አምሃ ወደ እኔ አየ። ፊቱ እርጋታ ነበረው። ጣቱ እንደ ብሎን ተጣብቋል። ጆዲ ዘንጉን አውጥታ ወደ ጎን ስትወጣ ያን ጊዜ ተነፈስኩ።

አምሃ ከረጢቱን በቀዳዳው በኩል በወስፌ ወጋ፤ አራት ቁጥር ማቀጣጠያውን ሰካ፤ ሁሉም ከመንኮራኩሩ ራቁ። ዌይን ለምልክት ያነሳውን እጁን ወደ ታች ጣለ። ሩት ሜዳውን አነቃነቀችው። የተኮሰችው ደረቴ ውስጥ መሰለኝ። ጭሱ እንደ ግድግዳ ቆመ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ ሰው አጨበጨበ። ማልቀስ ጀመርኩ። ምንም አልሆነም፤ ጆዲ ሁለት እጆቿን አንስታ እየዘለለች ነው። ለካ እስከዚህ ድረስ ፈርቼ ኖሯል።

ጭሱ እየሳሳ ሲሄድ አምሃ ከመንኮራኩሩ አጠገብ ቆሞ አየሁት። ባሩዱ ጉንጩን አጥቁሮታል። ቆዳው አውራ ጣቱ ላይ ነው። ወደ ዌይን ዞሮ፣ ጆሮው የደነቆረ ሰው እንደሚያደርገው ጮክ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀው፤ «መቼ ነው የምንተኩሰው?»

ዌይን ሳቀ። አፉን ከፍቶ «ጉር—» ካለ በኋላ ቆመ። የአምሃን ፊት አየ። አምሃ መልሱን በትዕግሥት ይጠብቃል። ዌይን መድፈኛዎቹን ከጆሮው ቀስ ብሎ አወጣና በሕዝቡ መካከል እኔን ፈለገኝ። ስንተያይ ራሴን ነቀነቅኩለት። የሰውየው ፊት ባንድ ጊዜ ሲያረጅ አየሁ።

ገመዱን አልፌ ሄድኩ። «አሁን ነው የሚተኮሰው» አልኩት አምሃን። «ግን ዛሬ አንተ እንግዳ ነህ። ተቀምጠህ እይ።»

«እኔ ሦስት ቁጥር ነኝ እኮ።»

«ዛሬ ለእኔ ስጠኝ። አንድ ቀን ብቻ።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ቆዳውን ከአውራ ጣቱ አውልቆ በእጁ የእኔ አውራ ጣት ላይ አጠለቀልኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎት ቀለበት እንደሚያጠልቅ። ይሞቃል። «ቢግልም እንዳታነሺ» አለኝ።

ዌይን ተጣጣፊ ወንበር ራሱ አምጥቶ ከገመዱ ወዲያ አስቀመጠለት። መድፉ እስኪበርድ አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ ዌይን ድምፁ ሰልሎ አዘዘ። ጆዲ ወለወለች። ጣቴን ቀዳዳው ላይ ጫንኩ። ጆዲ ስትገፋ ከቆዳው ሥር አየሩ መውጫ ፈልጎ ሲገፋኝ ተሰማኝ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ አምሃ ብቻውን ይዞት የነበረው ይኼንን ነው። አላነሳሁም። ሩት ጮኸች።

ጭሱ ሲገለጥ አምሃ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሞ ያጨበጭባል። ያን የመጥበሻውን ቀን እንደነበረው ፊቱ በሙሉ ጥርስ ሆኗል። ገመዱን ቀና አድርጎ በሥሩ ገባና መጣ፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንድ ብቻ?» አለኝ።

ጉርሻውን ያስታወሰ መሰለኝ። ቀልዳችንን። ልቤ በተስፋ ዘለለና ሳቅኩ። «አይ፣ ሁለተኛው ነው» አልኩት።

«የመጀመሪያውን ማን ተኮሰው?»

ሳቄ እንዳለ አፌ ላይ ቀረ። «አንተ» አልኩት።

«እኔ?» አለና የጠቆረ እጁን አገላብጦ አየ። ደስ አለው። «ጥሩ ሠራሁ?»

«ጣትህን አላነሳህም» አልኩት።